ቲቢ የመሰለው የሹፌሩ አጥንት፦ አንድ የጉዳይ ጥናት ከደሴ

ታካሚው የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ዕድሜው 27። ከደሴ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ሐረጎን የሚያውቅ ሰው እዚያ መንገድ ላይ መሪ ማዞር ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። ሕመሙን መጀመሪያ ያስተዋለውም እዚያው ጠመዝማዛ ላይ ነው። መሪውን ባዞረ ቁጥር በግራ በኩል፣ ከአንገቱ ግርጌ ያለው የትከሻ አጥንት ከፍርምባው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይወጋዋል። የደህንነት ቀበቶውም ልክ እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው። ካላሰረ ትራፊክ አለ፣ ካሰረ ሕመም አለ። ስለዚህ ፎጣ አራት አጥፎ ከቀበቶው ሥር መወተፍ ጀመረ።

ስሙን አልጠቅስም። ማንነቱን የሚጠቁሙ ጥቂት ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ «እንደኔ የሚንከራተት ካለ ይጥቀመው» ነው ያለው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደው ዓይነት ናቸው። እናቱ «መስኮት ከፍተህ ስትነዳ ብርድ መቶህ ነው፤ አብሽር» አሉት። ወጌሻ ዘንድ ሄደ። በቅቤ ታሸ፤ በማግስቱ እብጠቱ ባሰ። አንድ የግል ክሊኒክ ዲክሎፌናክ ወጋው። ሁለት ቀን እፎይ አለ፣ ከዚያ ያው። ክሊኒክ ቀየረ። ያው መርፌ፣ ያው እፎይታ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ነበር፤ ያኔ ካርዱ ላይ የጻፋቸው የለም። አንደኛው፣ ሕመሙ የሚብሰው ሌሊትና ጠዋት ነው። ከእንቅልፉ ሲነሳ ትከሻውና አንገቱ ድርቅ ብለው ያገኛቸዋል፤ ሁለት ሦስት ዙር ከነዳ በኋላ ይፍታታሉ። ሥራ የጎዳው ጡንቻ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒ ነው። ዕረፍት ያሽለዋል፣ ሥራ ያብሰዋል። ሁለተኛው፣ መርፌው የሚሰማው ቶሎ ነው። ዲክሎፌናክ ማስታገሻ ብቻ ሳይሆን የብግነት፣ ማለትም የአካል መቆጣትና ማበጥ፣ ማብረጃም ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ፣ አጥንቱ ወይም መገጣጠሚያው ከውስጥ ተቆጥቷል ያሰኛሉ። ምን አስቆጣው የሚለው ግን ገና ነው።

ራጁና ውሳኔው

እብጠቱ አልጠፋ ሲል ራጅ ተነሳ። አጥንቱ ወደ ፍርምባው ባለው ጫፍ ወፍሯል። ከሌላው ይበልጥ ነጥቷል። ዳር ዳሩ ደግሞ ተበልቷል። ንባቡ «የቆየ የአጥንት ኢንፌክሽን ይመስላል፤ የአጥንት ቲቢም ሊሆን ይችላል» ይላል። ሳንባው ንጹሕ ነው። ሳል የለ፣ የሌሊት ላብ የለ፣ ኪሎው አልቀነሰ። ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ኢኤስአር የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሏል፤ ነጭ የደም ሴሉ ግን ደህና ነው። ኤችአይቪ የለበትም። እብጠቱ በመርፌ ተወጋ፤ መግል አልወጣም። ከተቀዳው ትንሽ ፈሳሽ ጂንኤክስፐርት የተባለው የቲቢ ምርመራ ተሠራ። የቲቢ ጀርም አልተገኘም።

የቲቢ መድኃኒት ተጀመረ።

ይህን የወሰነውን ሐኪም ለመውቀስ አልቸኩልም። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ በርትቶባቸዋል ብሎ ከሚዘረዝራቸው አገሮች አንዷ የኛዋ ናት። አጥንት ውስጥ የሚገባው ቲቢ ደግሞ ጀርሙ ጥቂት ስለሆነ ምርመራ ላይ ሊያመልጥ ይችላል። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ቆይቶ አከርካሪው የተሰበረ ወይም ዳሌው የተበላ ወጣት ያየ ሐኪም ቀድሞ መጀመርን ይመርጣል። እኔም ያንን ራጅ ብቻ ይዤ ቢሆን ያንኑ ሳላደርግ አልቀርም ነበር።

ሰውየውም ተሻለው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ጎደለ። ሌሊት መተኛት ቻለ። ሽንቱ ብርቱካናማ ሲሆንበት ደንግጦ ነበር፤ የሪፋምፒሲን ጠባይ መሆኑን ሲነግሩት ተረጋጋ። ቤት ውስጥ ዱዓ ተደረገ። ሐኪሙም «አየህ፣ ቲቢ ነበር» አለው። ፋይሉ ላይ ከቲቢ ጎን የነበረው የጥያቄ ምልክት ጠፋ።

የዚህ ጉዳይ ወጥመድ እዚህ ጋ ነው። ይህን መሻል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በአምስተኛው ወር ሕመሙ ተመልሶ መጣ። መድኃኒቱን አላቋረጠም፤ አንድ ቀን እንኳ አልዘለለም። እንዲያውም አሁን ቀኝ በኩልም ማበጥ ጀመረ። ወገቡ ጠዋት ጠዋት ይይዘዋል። ያኔ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። ይህ ወሬ ቤት ሲደርስ ብርጭቆው ተለየ። የሚኒባሱ ባለቤትም ነገሩን ሲሰማ መኪናውን ለሌላ ሹፌር ሰጠው። የሚያናድደው ደግሞ፣ ቲቢው እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳ ሳንባ ውስጥ ከሌለ በትንፋሽ አይተላለፍም። ይህን ለመኪናው ባለቤትም ለቤተሰቡም የነገራቸው የለም።

ሸሚዙን ሲያወልቅ

ፍንጩ ከእጁ መጣ። መዳፉ ላይ መግል የቋጠሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ይደርቃሉ፣ ቡናማ ይሆናሉ፣ ይላጣሉ፤ ከዚያ ሌላ ዙር። ውስጥ እግሩም እንዲሁ ነው። እሱ የናፍጣና የግሪስ ጣጣ ነው ብሎ ትቶት ነበር። ቆዳው እየተሰነጠቀ ሲያስቸግረው ቅባት ፍለጋ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄደ። ወሎ ውስጥ የቆዳ ሕመም ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ቦሩ ሜዳን ነው፤ ሆስፒታሉ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። እሱ የሄደበት ቦታ ግን እዚህ ይቅር።

ሐኪሟ መዳፉን አገላብጣ አየችና ስለ መዳፉ አልጠየቀችውም።

«ደረትህን ያምሃል እንዴ?»

«ዶክተር፣ እኔ የአጥንት ቲቢ ነው ተብዬ መድኃኒት ላይ ነኝ።»

«እስቲ ሸሚዝህን አውልቅ ወንድሜ።»

ማውለቁን አልወደደውም። ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ አጋማሽ ጀርባው ብጉር ነው። ብጉር ሲባል ጎረምሳ ፊት ላይ የሚወጣው ዓይነት አይደለም። ከቆዳው ሥር እርስ በርስ የተያያዙ ቋጠሮዎች ናቸው። አንዳንዶቹ መግል ያዘሉ፣ አንዳንዶቹ ፈንድተው ጎርባጣ ጠባሳ የተዉ። ደረቱም ላይ አሉ። ከ18 ዓመቱ ጀምሮ አብረውት ኖረዋል። በጣም ያፍርባቸዋል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሐይቅ ሲወርድ ውኃ የሚገባው ከነቲሸርቱ ነው። ከዚያ በፊት ያዩት ሐኪሞች ሁሉ አጥንቱን የመረመሩት ኮሌታውን ገለጥ አድርገው ነበር። ጀርባውን ያየው የለም። እሱም አላነሳውም። ብጉርና አጥንት ምን አገናኛቸው?

አንድ ስም ያገናኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የፈረንሳይ የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ለየብቻ ሲታዩ የኖሩ ሕመሞችን ሰብስበው ሳፎ ብለው ሰየሟቸው። ከአምስት ነገሮች የፈረንሳይኛ ስም መነሻ ፊደል የተሠራ ስም (SAPHO) ነው፦ የመገጣጠሚያ መቆጣት፣ ብጉር፣ የመዳፍና የውስጥ እግር መግላም ሽፍታ፣ የአጥንት መወፈርና የአጥንት መቆጣት። አምስቱም መሟላት የለባቸውም። አዋቂ ላይ አብዝቶ የሚያጠቃው የደረትን ፊት ነው፤ ያንኑ ፍርምባና ከሱ ጋር የሚገናኙትን አጥንቶች። ልጆች ላይ የሚታይ ዘመድም አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተገለጸ ሲሆን እየተመላለሰ ብዙ አጥንት በአንድ ጊዜ ያቆጣል። እዚያም መግል ይፈለጋል፣ አይገኝም።

ብርቅ በሽታ ነው። አንድ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ሳያየው ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ሐኪሟ ያወቀችው ለቆዳ ሐኪም መዳፍ ላይ የሚወጣ መግላም ሽፍታ «ደረትስ?» የሚል ጥያቄ ስለሚያስከትል ነው።

ወዝ ውስጥ የሚኖረው

አሁን በብጉርም በሳፎም ወደሚጠረጠረው ባክቴሪያ እንሂድ። ስሙ ኩቲባክቴሪየም አክኔስ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ፕሮፒዮኒባክቴሪየም ይባል ነበር፤ የቆዩ መጻሕፍት ላይ በዚያ ስም ታገኙታላችሁ። የሁላችንም ቆዳ ላይ አለ ቢባል ማጋነን አይደለም። የሚኖረው የፀጉር ሥርና የወዝ ዕጢ በሚገናኙበት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወዛችንን እየሰባበረ ይመገባል። ኦክስጅን አይስማማውም። ፊት፣ ጀርባ፣ ደረትና ትከሻ ላይ የሚበዛው ወዝ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ነው። ጠላት ብቻ አድርጎ ማየትም ልክ አይደለም። ወዙን ሲሰባብር የሚያወጣው አሲድ ሌሎች ጀርሞች ቆዳችን ላይ እንዳይሰፍሩ ያግዛል።

ጣጣው ጠልቆ ሲገባ ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ትከሻ ላይ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚተክሉ ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። ይህ ባክቴሪያ እዚያ ገብቶ ያለ ትኩሳት፣ ያለ መግል ወራትና ዓመታት ይቀመጣል። ታካሚው የሚያውቀው ትከሻው ማመሙንና መድረቁን ብቻ ነው።

ሳፎ ካለባቸው አንዳንድ ሰዎች ከታመመው አጥንታቸው ናሙና ሲወሰድ ይኸው ባክቴሪያ በቅሏል። ሁሉም ላይ ግን አይደለም። ነገሩን ውስብስብ የሚያደርገው ይህ ነው። ተራ የአጥንት ኢንፌክሽን ቢሆን ጀርሙ ይባዛል፣ መግል ይሠራል፣ አጥንት ይሞታል፣ በጸረ ባክቴሪያ ይድናል። እዚህ ግን ከጀርሙ ብዛት ይልቅ የሰውነት ምላሹ ነው የሚጎላው። የመከላከያ ሴሎች ባክቴሪያውን በገጻቸው ባለ መቀበያ ይለያሉ። ይውጡታል፤ እሱ ደግሞ ውስጣቸው ሳይሞት መቆየት ይችላል። እነሱ ኢንተርሉኪን 1 እና ቲኤንኤፍ የተባሉ የማንቂያ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። አጥንት የሚሸረሽሩ ሴሎች ይነሳሉ፤ የሚገነቡትም ይከተላሉ። ራጁ ላይ አጥንቱ በአንድ ጊዜ የተበላም የወፈረም ሆኖ የታየው በዚህ ነው። የሞተው ባክቴሪያ እንኳ ሴሎቹን ያስቆጣል፤ ተመራማሪዎች የላብራቶሪ አይጦችን መከላከያ ለመቀስቀስ በሙቀት የተገደለውን ለዓመታት ሲወጉ ኖረዋል። እኔ ለታካሚዎች ሳስረዳ፣ ባክቴሪያው ክብሪት ነው፣ የሚነደው ግን የራስህ ሣር ነው እላለሁ። የአንዱ ሰው ሣር ደረቅ ነው፣ የሌላው እርጥብ፤ ለዚህ ነው ሁላችንም ተሸክመነው ጥቂቶች ብቻ የሚታመሙት።

ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 የቲቢን ጀርም ሲያሳውቅ የተከተለው መንገድ ግልጽ ነበር። ጀርሙን ከታማሚው አውጣ፣ ለብቻው አብቅለው፣ ጤነኛ እንስሳ ላይ ጨምር፣ ያንኑ በሽታ አምጣ። ቲቢ ይህን ፈተና አለፈ። የኛው የወዝ ነዋሪ ግን ከመጀመሪያው ይወድቃል፤ ጤነኛው ሁሉ ላይ አለና። አንድ ሰው «የሳፎ መነሻ ይህ ባክቴሪያ ነው» ብሎ ቢምል አትመኑት። «የለበትም» ብሎ ቢምልም እንደዚያው።

በዚህ ጉዳይ ቶሎ መፍረድ ዋጋ እንደሚያስከፍል የጀርባ ሕመም ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንማርክ ሐኪሞች ዲስካቸው ተጎድቶ አጎራባች አጥንታቸው የተቆጣ ሰዎችን 100 ቀን ጸረ ባክቴሪያ ሰጥተው ትልቅ መሻሻል አየን አሉ። ጥርጣሬው በዚሁ ባክቴሪያ ላይ ነበር። ዓለም ተደነቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኖርዌዮች አሞክሲሲሊንን ለሦስት ወር በተመሳሳይ ታካሚዎች ላይ ሲሞክሩት ያን ያህል የሚረባ ጥቅም አላገኙም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት መሻል እንመለስ። የቲቢ መድኃኒት ከሆኑት አንዱ ሪፋምፒሲን ነው። ሪፋምፒሲን ቲቢን ብቻ አይደለም የሚገድለው። ይህንኑ የቆዳ ባክቴሪያም ይገድላል፤ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ ሲሰፍር ሐኪሞች ሆን ብለው ከሌላ ጋር አጣምረው ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ሹፌሩ ሲሻለው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ሪፋምፒሲኑ ሳይታሰብ የወዙን ባክቴሪያ አብርዶለታል። ወይ ደግሞ ሳፎ በራሱ ጊዜ የሚነሳና የሚወርድ በሽታ ስለሆነ መውረጃው ከመድኃኒቱ መጀመሪያ ጋር ገጥሟል። የቱ እንደሆነ ከዚህ ሰው ብቻ መለየት አይቻልም። በሁለቱም መንገድ ግን «መድኃኒቱ ሠራ፣ እንግዲያው ቲቢ ነው» የሚለው ድምዳሜ አይቆምም። አብረው የሚሰጡት የቲቢ መድኃኒቶች አይሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ የቲቢን ዘር ብቻ የሚመለከቱ ናቸው፤ የቆዳውን ባክቴሪያ አይነኩትም። ሪፋምፒሲን ደግሞ ብቻውን ሲታገል ባክቴሪያው ቶሎ ይላመደዋል። በአምስተኛው ወር ለመጣው ማገርሸት ይህም አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም።

ናሙናው

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። ሲቲ ስካኑ ሁለቱም የደረት መገጣጠሚያዎች መወፈራቸውንና መሸርሸራቸውን በግልጽ አሳየ። በወገብና በዳሌ መጋጠሚያ ላይም መቆጣት ታየ። ካንሰርን ማስወገድ ስለነበረበት ከአጥንቱ ናሙና ተወሰደ። ፓቶሎጂው፣ ማለትም የናሙናው የማይክሮስኮፕ ምርመራ፣ የቆየ ብግነትና የወፈረ አጥንት ብሎ መለሰ። ካንሰር የለም። ቲቢ ሲሆን የሚጠበቀው የሴሎች ክምችትም የለም።

ከናሙናው ጀርም ለማብቀል የሚሞከርበት ምርመራ፣ ካልቸሩ፣ አምስት ቀን ቆይቶ «ምንም አልበቀለም» የሚል ወረቀት መጣ። ቤተሰቡ ደስ አላቸው። እኔ ግን ያ ወረቀት ለዚህ ጥያቄ ምንም እንዳልመለሰ መናገር ነበረብኝ። ይህ ባክቴሪያ ቀርፋፋ ነው። ለማብቀል ኦክስጅን የሌለበት ማብቀያ ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ እስከ 14 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። በተራ አየር አምስት ቀን ብቻ ይዞ አልበቀለም ማለት፣ እንግዳው ሳይመጣ በር ዘግቶ «ማንም አልመጣም» እንደማለት ነው። በየክልሉ ሆስፒታል ያለ ኦክስጅን የሚያበቅል ላብራቶሪ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው።

ቢበቅልስ ኖሮ? ያኔም ክርክሩ አያልቅም። መርፌው አጥንት ጋ ለመድረስ የሚያልፈው በቆዳ ነው። ቆዳው ደግሞ የባክቴሪያው ቤት ነው። የበቀለው ከአጥንቱ ነው ወይስ ከመርፌው መንገድ? ልምድ ያላቸው ቀዶ ሐኪሞች ከተለያየ ጥልቅ ቦታ ብዙ ናሙና ይወስዳሉ፣ ለእያንዳንዱም መሣሪያ ይቀይራሉ። አንድ ዓይነት ጀርም ከብዙዎቹ ከወጣ ያምኑታል። የኛው ሰው ናሙና አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባክቴሪያው በዚህ ሹፌር አጥንት ውስጥ እንዳለ አልተረጋገጠም። ሳፎን በእርግጠኝነት የሚለይ የደም ምርመራም የለም። ምርመራው የቆመው በጀርባው፣ በመዳፉ፣ በደረቱ አጥንት፣ ቲቢና ካንሰር አለመገኘታቸው ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ድምዳሜ ለታካሚ ማስረዳት ቀላል አይደለም። «ታዲያ ወረቀቱ ላይ የታለ?» ብሎኛል፤ ልክ ነው።

ሕክምናው

የቲቢ መድኃኒቱ ከቲቢ ክፍሉ ጋር በመመካከር ቆመ። ከአምስት ወር በላይ ወስዷል። ከዚያ ኢንዶሜታሲን የተባለ የብግነት ማብረጃ ከጨጓራ መከላከያ ጋር ተጀመረ። ከጎኑ ዶክሲሳይክሊን የተባለ ጸረ ባክቴሪያ በቀን ሁለት ጊዜ። ዶክሲሳይክሊን የተመረጠው ለጀርባው ብጉር ስለሚሠራ ነው። በዚያ ላይ ብግነትንም በራሱ መንገድ ያረጋጋል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ደሴ ውስጥ የማይገኝበት ፋርማሲ የለም።

ርካሽ መሆኑ ሌላ አደጋ አለው። እንክብሉን ያለ ወረቀት ገዝቶ ሦስት ቀን ውጦ የሚተው ሰው ሞልቷል። ለዚህ ሰው የተሰጠው ለወራት ነው፤ መመሪያውም ረጅም ነው። ከወተት ጋር አይውሰድ፤ ወተት መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሰዋል። በብዙ ውኃ ይዋጥ፣ ወዲያው አይተኛ፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ፀሐይ ይጠንቀቅ። ይህቺ የመጨረሻዋ ለሹፌር ቀላል አይደለችም። ግራ ክንዱ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነው። ወደ ሥራ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ግራ ክንዱ ብቻ ቀልቶ፣ ቀኙ ደህና ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ እጅጌ ያለው ሸሚዝ መልበስ ጀመረ።

በሁለት ወር ውስጥ ጠዋት መነሳት ቀለለው። ብጉሩ ቀነሰ። ፎጣው ከቀበቶው ሥር ወጣ። የሚኒባሱ ባለቤትም ከስንት ሽምግልና በኋላ መልሶ ቀጠረው፤ ቲቢ እንዳልተገኘበት የሚገልጽ ደብዳቤ ግን መጀመሪያ አስጽፎ ነው።

ከአራት ወር በኋላ ዶክሲሳይክሊኑ ቆመ። ጸረ ባክቴሪያ ያለ ማብቂያ መስጠት መላመድን ያመጣል፤ ለሱም ለሰፈሩም። ሁለት ወር ሳይሞላ መዳፉ ላይ ነጠብጣቦቹ ወጡ። ቀጥሎ ደረቱ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ያየውም ይህንኑ ነው። የሳፎ ታካሚዎችን አብዛኞቹን አዚትሮማይሲን የተባለ ጸረ ባክቴሪያ ለ16 ሳምንት ሰጧቸው፤ እየወሰዱ ሳለ ተሻላቸው፣ ሲያቆሙ ተመለሰባቸው። ባክቴሪያው ድርሻ ባይኖረው ኖሮ ለምን ይሻላቸዋል? ድርሻው ሁሉም ነገር ቢሆን ደግሞ ለምን ይመለሳል? መልሱ ከሁለቱ መሀል ያለ ይመስለኛል፤ ሕክምናውም ወደ ሁለቱም ወገን መመልከት አለበት።

ስለዚህ ትኩረቱ ወደ ሣሩ ዞረ። መጀመሪያ የአጥንት መሸርሸርን የሚገታ ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር አንድ ጊዜ ተሰጠው። ከአዲስ አበባ በስንት ፍለጋ ነው የተገኘው። ከመስጠታችን በፊት ኩላሊቱ ታየ። የጥርስ ሐኪምም አየው፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ የሚነቀል ጥርስ መንጋጋን ሊጎዳ ስለሚችል አንድ የበሰበሰ መንጋጋ ጥርሱ አስቀድሞ ወጣ። በማግስቱ ሌሊት ትኩሳትና ቁርጥማት ያዘው። እናቱ «ገደላችሁብኝ» ብለው ደወሉ። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ በፓራሲታሞል አለፈ። ከዚያ የሰውነትን የመከላከያ ቁጣ የሚያረጋጋው ሜቶትሬክሴት ተጀመረ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቀኑ ተመረጠና ፋርማሲስቷ «ሰኞ ብቻ» ብላ ሳጥኑ ላይ በትልቁ ጻፈችለት። ሰኞ የደሴ ገበያ ቀን ስለሆነ አይረሳውም።

አሁን ደረቱ ጸጥ ብሏል። መዳፉ አልፎ አልፎ ያወጣል። የወፈረው አጥንት እንደወፈረ ነው፤ ተመልሶ አይቀጥንም። በየጊዜው የጉበትና የደም ምርመራ ያደርጋል። ሊያገባ ነው፤ ልጅ ከማሰቡ በፊት ስለ ሜቶትሬክሴቱ እንዲያማክረን ነግረነዋል።

ሜቶትሬክሴቱ የማይበቃው ከሆነ ቀጣዩ ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ እንደ አዳሊሙማብ ያሉት። እነሱ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ያለን ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ የቲቢው ጥያቄ እንደገና ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ በእውነት። የሚገርመው፣ አይሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን አንድ ላይ ሦስት ወር መውሰድ የተኛ ቲቢን ለመከላከል የሚሰጥ የታወቀ ሕክምና ነው። እሱ ደግሞ ሁለቱን ከአምስት ወር በላይ ውጧል። የዚያን ጊዜውን ካርድ እንዳይጥለው ነግሬዋለሁ። የአዳሊሙማቡ ዋጋ ግን ለሚኒባስ ሹፌር የሚቀመስ አይደለም፤ ለጊዜው ሰኞ ሰኞ ይቀጥላል።